ደብረ ብርሃን ለተወለደች ልጅ የመጀመሪያ የአሜሪካ ፓስፖርት፦ ቀበሌው ይቅደም ወይስ ኤምባሲው?

ባሶና፦

ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጃችን ደብረ ብርሃን ከተወለደች 5 ሳምንት ሆናት። እኔ አሜሪካዊ ዜግነት አለኝ፤ ባለቤቴ ኢትዮጵያዊት ናት። ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ተጋብተናል፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱም በእጃችን ነው። ኑሯችን እዚሁ ስለሆነ የመጀመሪያ ፓስፖርቷን የምናወጣላት አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ ነው። እስካሁን ያለን ወረቀት ሆስፒታሉ የሰጠን የልደት ማሳወቂያ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ቀበሌ ልሂድ ወይስ የኤምባሲ ቀጠሮ ልያዝ? ሁለተኛው፣ አሜሪካ የኖርኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2020 ሲሆን ዜግነት ያገኘሁት በ2019 ነው። አባት 5 ዓመት መኖር አለበት ሲባል እሰማለሁ። ዜጋ ሆኜ የኖርኩት አንድ ዓመት ገደማ መሆኑ ልጅቷን ያስከለክላታል? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ።

ጣርማበር፦

እንኳን ማርያም ማረቻት! ልጅቷን ያሳድግላችሁ።

ቀበሌው ይቅደም። ኤምባሲው ለልጅቷ የሚያወጣው ሁሉ መነሻው የልደት ምስክር ወረቀቷ ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል ፓስፖርቱ ድረስ ትከተላታለች፤ በኋላ ለማስተካከል ደግሞ ተመልሶ የሚመጣው እዚያው ቀበሌ ነው።

በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በእኛ አካባቢ «ክርስትናዋ ይለፍና» እየተባለ ቀኑ ይሄዳል። ለወንድ ልጅ ክርስትናው በ40 ቀን ስለሆነ ጊዜ ይተርፋል። ለሴት ልጅ ግን 80 ቀኗ ሲሞላ የሚቀራችሁ 10 ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የድግስ ድካም አለ። ስለዚህ አሁኑኑ ጀምሩ። ጊዜው ካለፈ ምዝገባው «የዘገየ» ይሆንና ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል። ኤምባሲውም ከልደቱ ብዙ ቆይቶ የወጣ ምስክር ወረቀት ሲያይ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል መዝገብ እያለ ሌላ ነገር መጠየቁ አይቀርም። እነዚህን ካርዶች ለማንኛውም አትጣሏቸው።

የክብር መዝገብ ሹሙ ጋ ስትቀርቡ የሆስፒታሉን ማሳወቂያ ዋናውን፣ የእናትየውን መታወቂያ፣ ያንተን ፓስፖርትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ያዙ። ምስክር ወረቀቱ ከመታተሙና ማኅተም ከማረፉ በፊት ረቂቁን አንብቡ። ጽሑፉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሆነ ሁለቱንም ዓምድ በየፊደሉ መመልከት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦

የአባት ዜግነት። ስምህ የሐበሻ፣ ቋንቋህም አማርኛ ስለሆነ ጸሐፊው ሳይጠይቅ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ይሞላዋል። ኤምባሲ ይዘህ የምትቀርበው ማመልከቻ ደግሞ አሜሪካዊ ነኝ ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ ያው ጥያቄ ይመጣል። «አሜሪካዊ» መባሉን አረጋግጥ።

የስምህ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ። ከአሜሪካ ፓስፖርትህ ላይ ይገልብጡት እንጂ ከጆሮ አይጻፉት። «ጸ» ያለበትን ስም አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፈዋል፤ «ኃይለ» የሚለው እንኳ ሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው። የእናትየውም ስም ከፓስፖርቷ፣ ፓስፖርት ከሌላት ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር አንድ ይሁን።

የልጅቷ ስም። የክርስትና ስሟ፣ አያቷ የምትጠራት ስም፣ ሆስፒታል ማሳወቂያው ላይ «የእከሊት ልጅ» ተብሎ የተጻፈው፣ ሁሉም ለየብቻ ናቸው። የሚመዘገበው ዕድሜ ልኳን የምትጠራበት ስም ይሁን። በኋላ ስም መቀየር የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

የልደት ቀን። ይህን ሰው ሁሉ አቅልሎ ያየዋል። የእኛ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ጥር 11 በ2017 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19 ሲውል በ2016 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 20 ነበር። ከለመደው ሰንጠረዥ በቃሉ የሚገለብጥ ጸሐፊ እዚህ ላይ በአንድ ቀን ይስታል። በሌሊት የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በእነሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ስለሆነ ቀኑ ተቀይሯል፣ በእኛ አባባል ግን ገና የትናንቱ ሌሊት ነው። ሆስፒታሉ የጻፈው የፈረንጅ ቀንና የቀበሌው የፈረንጅ ቀን አንድ መሆናቸውን ሳታይ ከቢሮው አትውጣ።

እንዋሪ፦

ጣርማበር ስለ ቀበሌው ያለው ልክ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

ያሳሳተህ «ዜጋ ሆኜ የኖርኩት» የሚለው ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 301 ፊደል ጂ፣ አንዱ ወላጅ ብቻ ዜጋ ሆኖ በጋብቻ ውስጥ ለተወለደ ልጅ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ወላጁ ልጁ በተወለደበት ቀን ዜጋ መሆን አለበት። ከዚያ ቀን በፊት ደግሞ በድምሩ 5 ዓመት በአካል አሜሪካ ውስጥ መኖር አለበት፤ ከ5ቱ 2ቱ ከ14 ዓመት ዕድሜው በኋላ። በግሪን ካርድ፣ በተማሪ ቪዛ ወይም በጥገኝነት የኖርክበትም ይቆጠራል። በተከታታይ መሆንም የለበትም፤ ተደማምሮ ይሞላል። ስለዚህ ዜግነትህ በ2019 መምጣቱ ልጅቷን አይጎዳትም።

የሚጎዳው ሌላ ነው፤ አገር ቤት የመጣህባቸው ቀናት ይቀነሳሉ። ለምሳሌ ከሴፕቴምበር 2013 እስከ ኖቬምበር 2020 ብትል 7 ዓመት ከ2 ወር ነው። በመሃሉ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለፋሲካ የመጣህበት ተደምሮ 9 ወር ቢሆን 6 ዓመት ከ5 ወር ይቀራል፤ ይበቃሃል። ማመልከቻው ላይ ግን «ከ2013 እስከ 2020» ብለህ በአንድ መስመር አትጻፈው። የገባህበትንና የወጣህበትን ቀን በየጉዞው ከፋፍለህ ሙላ። ለዜግነት ስታመለክት በኤን-400 ቅጽ ላይ የ5 ዓመት ጉዞህን ዘርዝረህ ነበርና ቅጂው ካለህ ከእሱ ጋር አመሳክረው።

ማስረጃው ላይ ሰው የሚሳሳተው ፓስፖርትና የዜግነት ሰርተፊኬት ብቻ ይዞ በመቅረብ ነው። እነሱ ዜጋ መሆንህን ያሳያሉ፤ የኖርክባቸውን ቀናት ግን አያሳዩም። ለቀናቱ ጠንካራ የሚባለው የትምህርት ቤት ወይም የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ነው፤ ክፍል ውስጥ መቀመጥህን በሴሚስተር ይናገራልና። ቀጥሎ ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚወጣው በየዓመቱ የሠራህበት የገቢ መዝገብ፣ ከአሠሪህ ያገኘኸው ደብሊው-2 የሚባለው የዓመት ደመወዝ መግለጫ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሕክምና መዝገብ፣ ማኅተም ያለባቸው አሮጌ ፓስፖርቶች፣ የኢትዮጵያውንም ጨምሮ። የታክስ ማመልከቻ ለብቻው ደካማ ነው፤ ታክስ ከውጭም ሆኖ ይሞላል። ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ አንድ ወረቀት እንዲኖርህ አድርግና በዓመት ቅደም ተከተል ደርድረው። ቆንሲሉ ቀናቱን አንድ በአንድ ነው የሚደምረው፤ የተደረደረለት ሰው ጉዳይ በቶሎ ያልቃል።

ለሌሎች አንባቢዎችም፦ ሁለቱም ወላጆች ዜጋ ከሆኑ 5 ዓመቱ አይጠየቅም፤ ከሁለት አንዳቸው ከልጁ መወለድ በፊት አሜሪካ ኖረው መሆኑ ይበቃል። ወላጁ ዜግነት ያገኘው ልጁ ከተወለደ በኋላ ከሆነ ግን ኤምባሲው ፓስፖርት አይሰጥም። ያኔ መንገዱ አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ አስገብቶ ልጁን በቋሚ ነዋሪነት ቪዛ ማስገባት ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ገብቶ ከዜጋ ወላጁ ጋር መኖር ሲጀምር በሕግ ዜጋ ይሆናል። 5 ዓመት ያልሞላለት ዜጋ ደግሞ፣ ወላጁ ማለትም የልጁ አያት ዜጋ ሆኖ 5 ዓመቱን ከሞላ፣ ኤን-600ኬ የሚባል መንገድ አለ፤ ልጁ 18 ሳይሞላው አሜሪካ ሄዶ የሚጨርሰው ነው።

ባሶና፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ትልቅ ጭንቀት ነው ያወረዳችሁልኝ። ትራንስክሪፕቱን ከኮሌጁ ዛሬውኑ አዛለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ፓስፖርቱን ብቻ ማውጣት አይቻልም ወይ? የልደት ሪፖርት የሚሉት ለየብቻ ይከፈልበታል። ፎቶውስ ደብረ ብርሃን ይነሳል?

መሐል ሜዳ፦

ሁለቱንም በአንድ ቀጠሮ አውጡ። ሲ.አር.ቢ.ኤ. የሚባለው በውጭ አገር የተወለደ ዜጋ የልደት ሪፖርት 100 ዶላር ነው፤ ቅጹ ዲኤስ-2029 ነው። የሕፃን ፓስፖርት 135 ዶላር ነው፤ ቅጹ ዲኤስ-11። በድምሩ 235 ዶላር። የሕፃን ፓስፖርት በ5 ዓመት ያበቃል፤ ሪፖርቱ ግን ዕድሜ ልኳን ዜግነቷን የምታስረዳበት ወረቀት ነው። ማመልከት የሚቻለው 18 ዓመት ሳይሞላት ብቻ ነው። ዛሬ በእጅህ ያሉት የ5 ዓመት ማስረጃዎች ከ10 ዓመት በኋላ ተሟልተው ይገኛሉ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል፤ መቶ ዶላሩን የሚያስቆጭ ነገር የለውም። ሪፖርቱ ላይ የወላጆች ስም መኖሩ ሌላም ጥቅም አለው። የእኛ ስም በትውልድ ስለሚወርድ አባት አበበ ከበደ ወልዴ ቢባል ልጁ እከሌ አበበ ከበደ ይባላል። በአሜሪካ ወረቀት የአባትየው የመጨረሻ ስም ወልዴ፣ የልጁ ከበደ ይሆናል። ስህተት አይደለም፤ ግን በየአየር መንገዱ «የማን ልጅ ነው?» ሲባል መልሱ ሪፖርቱ ነው።

ፎቶው ደብረ ብርሃን ይነሳል፤ ልኩን ካልነገርካቸው ግን ለመታወቂያ የለመዱትን ሦስት በአራት ያትሙልሃል። የሚፈለገው 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባው ነጭ፣ ከአገጭ እስከ አናት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ በ6 ወር ውስጥ የተነሳ። ሕፃኗን ነጭ አንሶላ ላይ አስተኝቶ ከላይ ማንሳት ነው። የእናት እጅ፣ ጡጦ፣ ኮፍያ አይታይ። የደብረ ብርሃን ብርድ ስላለ ልጅቷን ጠቅልላችሁ ወስዳችሁ ለማንሻው ያህል ብቻ ኮፍያዋን አውልቁላት። ጥላ ፊቷ ላይ ካረፈ ይመለሳል፤ በመስኮት ብርሃን ፊት ለፊት ይሁን። ገና ጨቅላ ስለሆነች ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ባይገለጥ ችግር የለውም።

ቅጾቹን በኮምፒውተር ሞልታችሁ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ አትሙ፤ ፊትና ጀርባ አታትሙ። ቀን የሚጻፈው በእነሱ ልማድ ወር፣ ቀን፣ ዓመት ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስለሌላት በቦታው ዜሮ ይሞላል። ሁለቱንም ቅጽ ቤት ውስጥ እንዳትፈርሙ፤ የሚፈረመው ቆንሲሉ ፊት ነው፣ ተፈርሞ የመጣ ቅጽ እንደገና ይሞላል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ሁለቱም ወላጆች መቅረብ ወይም መስማማታቸውን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለባቸው። ልጅቷም ራሷ መቅረብ አለባት፤ ታቅፋ ትምጣ።

ዋናው ዋናው ወረቀት ከነቅጂው፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ከዚህ በፊት የነበረ ጋብቻ ካለ ፍቺው፣ የሁለታችሁ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ የዜግነት ሰርተፊኬትህ፣ የቀናቱ ማስረጃ። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ወይም የቀበሌ ደብዳቤ፣ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተርጎም።

ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ በዋዜማው አዲስ አበባ ግቡ። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌሊት ተነስቶ መድረስ በካርታ ላይ ይቻላል፣ ነገር ግን ከለገጣፎ ወደ ኮተቤ ያለው የጠዋት መጨናነቅና መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ኤምባሲው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው የእንጦጦ መንገድ ላይ ነው። ላፕቶፕና ትልቅ ቦርሳ አትያዙ፤ የሕፃኗ ዳይፐርና ወተት በትንሽ ቦርሳ ይበቃል። ፓስፖርቱ አሜሪካ ታትሞ ስለሚመጣ የተወሰኑ ሳምንታት ይወስዳል። የአውሮፕላን ትኬት ቀድማችሁ አትቁረጡ።

ሮቢት፦

ባሶና ይቅርታ፣ በእርስዎ ጥያቄ ላይ ልጨምር። እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፤ ልጄ ወንድ ነው፣ 2 ዓመቱ። አባቱ አሜሪካዊ ዜጋ ሆኖ አሜሪካ ነው ያለው፤ አልተጋባንም። እሱ ሳይመጣ ይቻላል?

እንዋሪ፦

ይቻላል እህቴ፤ ወረቀቱ ግን ይበዛል። ከጋብቻ ውጭ ተወልዶ ዜጋው አባት ሲሆን፣ ከ5 ዓመቱ በተጨማሪ ሕጉ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሥጋ ዝምድናው አሳማኝ በሆነ ማስረጃ መታየት፣ አባትነቱን በቃለ መሐላ በጽሑፍ ማመን፣ ልጁ 18 እስኪሞላው በገንዘብ እንደሚረዳው በጽሑፍ መስማማት። እነዚህን የሚሞላበት ቅጽ ዲኤስ-5507 ነው፤ የኖረባቸውን ቀናትም እዚያው ላይ ይዘረዝራል። ለፓስፖርቱ ደግሞ ስምምነቱን በዲኤስ-3053 ይሰጣል። ሁለቱንም እዚያው ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ይፈርም። የዲኤስ-3053 ፊርማ ከ90 ቀን በላይ ከቆየ ስለማያገለግል ቀጠሮሽን ይዘሽ ነው የምታስፈርሚው፤ ለኖተሪው ያሳየው መታወቂያ ፊትና ጀርባው ፎቶ ኮፒ ተደርጎ አብሮ ይምጣ። የቀናቱ ማስረጃና የዜግነቱ ማስረጃ በፈጣን መልእክት ይላክልሽ።

የልጁ ልደት ምስክር ወረቀት ላይ አባቱ በስሙ መስፈሩን እይ። ካልተመዘገበ አባትየው ዋሽንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ልኮ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካለፈ በኋላ ወኪሉ ቀርቦ ያስመዘግባል።

አብራችሁ የነበራችሁበትን ጊዜ የሚያሳይ ነገር ሰብስቢ፤ ከመፀነሱ በፊት ወደ ኢትዮጵያ የገባበት የፓስፖርት ማኅተም ዋናው ነው፣ ፎቶና የላከልሽ ገንዘብ ደረሰኝ ያግዛሉ። ቆንሲሉ ካልበቃው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሐሳብ ያቀርባል። በራስሽ ቀድመሽ አታስመርምሪ፤ ተቀባይነት ያለው ኤ.ኤ.ቢ.ቢ. የሚባለው ድርጅት ዕውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ፣ የልጁ ናሙና በኤምባሲው ቁጥጥር የተወሰደ ብቻ ስለሆነ ገንዘብሽ ይባክናል።

ሮቢት፦

እንዋሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቱ መግቢያ ማኅተም ያለበት አሮጌ ፓስፖርቱ አለው፤ ሙሉውን ገጽ እንዲልክልኝ እነግረዋለሁ።

ጣርማበር፦

ለሁለታችሁም፣ ፓስፖርቱ ከመጣ በኋላ ያለውን ልጨምር። ልጆቹ እዚህ ስለተወለዱ በአሜሪካ ፓስፖርታቸው ላይ የመግቢያ ቪዛም ማኅተምም የለም። ቦሌ ላይ ይህ ጥያቄ ያስነሳል። ከጉዞው በፊት የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ፣ ቀርባችሁ መውጫ ቪዛውን ጨርሱ። የልደት ምስክር ወረቀቱንና የእናትየውን መታወቂያ ያዙ። ከወላጅ አንዱ ብቻ ይዞ የሚጓዝ ከሆነ የሌላው ፈቃድ በውልና ማስረጃ ተፈርሞ ይያዝ።

በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊም ነው። አገራችን ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ አንቀጽ 20፣ ልጁ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ እንደተወው ይቆጥረዋል። 18 ሲሞላቸው የሚነሳ ጉዳይ ነውና የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋናውን ከአሁኑ በደንብ አስቀምጡላቸው።

ፓስፖርቱን ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ ስሙን፣ ቀኑንና የትውልድ ቦታውን በየፊደሉ አንብቡ። የኅትመት ስህተት ካለ በዲኤስ-5504 ያለ ክፍያ ይታረማል። ፊርማው ቦታ ላይ የልጁን ስም በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ጎኑ ላይ ወላጅ ይፈርምና በቅንፍ «አባት» ወይም «እናት» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት። ሳይፈረም የተያዘ ፓስፖርት አይጸናም።